አንድም ጥሪ ሳይቋረጥ

ሚስቱ ስለ እትዬ ያወራችው እትዬ እዚያው ባለችበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ያውም ድምጿን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ። ጠዋት ነበር። እትዬ ጀርባዋን ሰጥታቸው ማጠቢያው ጋ ቆማ ብርጭቆ ታለቀልቃለች። ሚስቱ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ እየቆረጠች፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ የምታወራ ያህል፣ "እህትህ እኮ አትሰማም" አለችው። "ትናንት በሩ ሲንኳኳ እዚያው በሩ ሥር ተቀምጣለች። ከመኝታ ቤት ሮጬ መጥቼ የከፈትኩት እኔ ነኝ። መቼ ነው የምትነግራት?" እሱ ክው አለ። አፏን በእጁ ሊከድነው ምንም አልቀረውም። ዓይኑን ወደ እህቱ ጀርባ ወረወረ። ጀርባዋ አልተነቃነቀም። ውሃው ይወርዳል፣ እትዬ ለራሷ አንድ ነገር ታንጎራጉራለች። በመጨረሻ ዞር ስትል ባልና ሚስት አፍጥጠው ሲያዩዋት አገኘቻቸውና፣ "ምነው? ሻዩ ገና ነው እኮ፤ እንደዚህ የምታዩኝ ልትበሉኝ ነው?" ብላ ሳቀች። ሚስቱ ትከሻዋን ሰበቀች፤ አየህ አይደል ማለቷ ነው። እሱ ዳቦውን አንስቶ ሳይርበው ጎረሰ።

ቤቱ ጠባብ ነው። መኝታ ቤቱ የባልና የሚስት፣ ሳሎኑ ቀን ቀን የሁሉም፣ ማታ ማታ የእትዬ ነው። ሶፋው ሲዘረጋ አልጋ ይሆናል፤ አልጋ ሲሆን ደግሞ ወደ ወጥ ቤት ማለፊያ የለም፣ ስለዚህ ውሃ የጠማው ሰው በእትዬ እግር ላይ ተሻግሮ ነው የሚሄደው። በዚህ ሁሉ ጥበት ውስጥ እነዚህ ሦስት ሰዎች አንድ ቀን ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ክፉ ቃል ባይኖርም የማይነካ ነገር ግን ነበረ፤ እሱም የእትዬ ጆሮ ነው። እትዬ ራሷ ስለ ጆሮዋ አታወራም። የምታወራው ስለ ቴሌቪዥኑ ነው፤ "ይሄ ዕቃ አርጅቷል፣ ድምፁ ወደ ውስጥ እየገባ ነው" ትላለች። ስለ ዘመኑ ሰውም ታወራለች፤ "የዛሬ ሰው አፉን ከፍቶ መናገር ትቷል። ሁሉም ያጉተመትማል።" ከዚያ፣ ሁልጊዜ ከዚያ፣ "ሥራ ቦታ ግን ይኸው ቁልጭ አድርጌ ነው የምሰማው። እዚያ ዕቃው ጥሩ ነዋ!" ትላለች። ይህን ባለች ቁጥር ወንድሟ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ይተክላል። ዕቃው ለምን ጥሩ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

የሚሠሩት አንድ ቦታ ነው፤ የድንገተኛ ጥሪ ማዕከሉ ውስጥ። እትዬ ላይኛው ፎቅ ላይ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ቤቱ የተቃጠለበትን፣ ልጁ ከደረጃ የወደቀበትን፣ ሚስቱ ምጥ የያዛትን ሰው ስልክ ታነሳለች። አድራሻ ጠይቃ፣ አረጋግታ፣ አምቡላንስ ትልካለች። እሱ ደግሞ ምድር ቤት፣ ብርዳም ክፍል ውስጥ፣ ያን ሁሉ ጥሪ የሚያስተናግደውን ሰርቨር ይጠብቃል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስሙን የሚጠራው የለም፤ "ምድር ቤት" ነው የሚሉት። "ምድር ቤት፣ ስክሪኔ ጠፋ።" "ምድር ቤት፣ ሻይ ልናመጣልህ?" እናታቸው ስታርፍ እሱ ገና ሱሪውን በቅጡ መታጠቅ የማይችል ልጅ ነበረ። ያሳደገችው፣ ያስተማረችው፣ ኋላም አለቆቿን ለምና እዚህ ያስቀጠረችው እትዬ ናት፤ ያም ሁሉ የሆነው ስልክ እያነሳች ባገኘችው ደመወዝ ነው። ድምጿ ላይ አንድ ነገር አለ። የሚንቀጠቀጥ ሰው የእሷን "አይዞህ፣ እዚሁ ነኝ" ሲሰማ ትንፋሹ ይመለሳል። አዳዲሶቹ ተቀጣሪዎች ከጎኗ ለመቀመጥ ይሻማሉ።

አምና በበጋው፣ የተቀዱ ጥሪዎችን ጥራት ሲፈትሽ፣ እህቱ ጥርት አድርጋ የምትናገር ሴትን "እባክሽ ድገሚልኝ" ስትል ሰማ። ሌላ ጥሪ ከፈተ፤ እዚያም "ድገሙልኝ።" ሌላም። ለማዕከሉ ኃላፊ ለሆነችው ሴት ቢናገር ከወንበሩ ያስነሷታል። ለእትዬ ቢናገር ልቧ ይሰበራል። ስለዚህ ለማንም ሳይናገር አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፈና ሰርቨሩ ላይ ጫናት፤ ሥራዋ ወደ ሦስተኛው ወንበር ማዳመጫ የሚገባውን ድምፅ ብቻ ጥቂት ከፍ ማድረግ ነው። "ድገሙልኝ" ማለቷ ቀነሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ትንሽ ጨመረ፤ ቆይቶም እንደገና። እትዬ አንድም ቀን አልጠረጠረችም። እሱም በነገሩ ውስጥ ውስጡን ይኮራ ነበር፤ ያሳደገችውን ሴት ባልሰማች ጊዜ ያሰማት እሱ ነዋ።

የዚያኑ ቀን ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ሥራ ሲሄዱ እትዬ መስኮት በኩል ተቀምጣ ስለ ጫማ ታወራለች፤ በግማሽ ዋጋ ያየችውን። እሱ እህ እህ ይላል፣ ልቡ ግን እዚያ አልነበረም። ሚስቱ የተናገረችው ጆሮው ላይ ይጮኻል፤ በላዩ ላይ ደግሞ የቀኑ ሥራ አለ። የሰርቨሩ ከርነል፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚደገፉበት ክፍል፣ ሌባ ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ ተገኝቶበታል። ቀዳዳው ዛሬ መደፈን አለበት። በፊት በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ማሽኑ ይጠፋና ይነሳል፤ እስኪነሳ ድረስ ላይ ያሉት ጥሪውን በወረቀት ይመዘግባሉ። ባለፈው ጊዜ ታዲያ አንዷ ወረቀት ከሻይ ብርጭቆ ሥር ተለጥፋ ቀረች። ወረቀቷ ላይ የተጻፈው የእሳት አደጋ ነበር። ሰው አልሞተም፣ የአንድ ቤተሰብ ቤት ግን ሙልጭ ብሎ ነደደ። ከዚያ ወዲህ ኃላፊዋ፣ "እኔ እዚህ ወንበር ላይ እያለሁ ይህ ማሽን ለአንዲት ደቂቃ አይቆምም" ብላ ማለች። ለዚህ ነው ማሽኑን ከሸጠው ድርጅት ባለሙያ የተላከው። ሁሉም "እንግዳው" ይለዋል።

እንግዳው ለኃላፊዋ ቢሮዋ ድረስ ሄዶ አስረዳት። እሷ እጆቿን አጣምራ፣ ገበያ ላይ የሻጭ ምላስ እንደማያታልላት ሰው ሆና ነበር የምታዳምጠው።

"እንግዲህ አውቶቡስ እየሄደ ሞተር እንቀይራለን እያልከኝ ነው?"

"እየሄደ።"

"ተሳፋሪው ተቀምጦ?"

"ተቀምጦ። ሁሉን ሞተር አይደለም፤ የተበላሸውን ክፍል ብቻ። አዲሱን ከአሮጌው ጎን እናስቀምጣለን። አዲስ የሚመጣ ፕሮግራም ወደ አዲሱ ይገባል፤ አሮጌው ውስጥ ያለውን ደግሞ ጨርሶ እስኪወጣ እንጠብቀዋለን። ሁሉም ወጥቶ ሲያልቅ አሮጌውን እንዘጋለን። አንድም ጥሪ አይቋረጥም።"

ኃላፊዋ ከእንግዳው ጎን ወደ ቆመው የእትዬ ወንድም ዞረች። "አንተስ ምን ትላለህ?" እሱና እንግዳው በሙከራ ማሽን ላይ ደጋግመው ሞክረውታል፤ ይሠራል። "ይሠራል" አላት። እውነቱን ነው። የሙከራ ማሽኑ ላይ ግን የእሱ ትንሽ ፕሮግራም አልነበረችም። ነገሩ ያን ጊዜ ትዝ አላለውም፤ ትዝ ብሎት ቢሆን ኖሮ ጠዋት አንድ መላ ይፈጥር ነበር። ኋላ ራሱን ሲከስ ከዚህ ነው የሚጀምረው።

ረፋዱ ላይ ጀመሩ። ምድር ቤቱ ውስጥ ማቀዝቀዣው ያጓራል፤ እንግዳው ካፖርቱን ሳያወልቅ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ፣ እሱ ከጎኑ ቆመ። አዲሱ ክፍል ተጫነ። ስክሪኑ ላይ የፕሮግራሞቹ ስም ተደርድሯል፤ የተሻገረው አረንጓዴ ይሆናል። መጀመሪያ አምስት ስድስቱ ተሻገሩ፣ ከዚያ በጅምላ፣ እንደ ሠርግ ቤት እንግዳ እየተግተለተሉ። ላይ ስልክ እየተነሳ ነው፣ አምቡላንስ እየወጣ ነው፤ ማንም ከሥሩ ምን እየሆነ እንዳለ አልተሰማውም። እሱ በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ቆይቷል፤ እንደዚያን ሰዓት ግን ደስ ብሎት አያውቅም። ዝርዝሩ እያለቀ እያለቀ መጣና አንዲት ስም ቀረች። ቀይ ሆና ቆመች። አልተነቃነቀችም።

እንግዳው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። "ይቺ ምንድን ናት? የሰጣችሁኝ ዝርዝር ውስጥ የለችም።"

የራሱ ፕሮግራም ናት። ገና ሲያያት አወቃት። ሌሎቹ ሥራቸውን እየጨረሱ ይወጣሉ፤ እሷ ግን ወደ ሦስተኛው ወንበር የሚሄድ ድምፅ ስትጠብቅ ሌት ተቀን አሮጌው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ የምትውል ናት። እሷ ካልወጣች አሮጌው አይዘጋም፣ ቀዳዳውም ክፍት ነው።

"የድሮ ሰው ትቶት የሄደው ነገር ይሆናል" አለ።

"ከጥሪዎቹ ጋር ግንኙነት አላት?"

"ጥሪ አትቆርጥም።"

"እንግዲያው ልዝጋት?"

"የእህቴ ጆሮ ደክሟል፤ እኔ ነኝ የጫንኳት" ማለት ይችል ነበር። እንግዳው ክፉ ሰው አይመስልም፤ "እህቴ ለምሳ እስክትነሳ እንጠብቅ" ቢለው ይጠብቀው ነበር። ግን እንግዳው ለኃላፊዋ ይነግራል፣ ኃላፊዋ ትጠይቃለች፣ እትዬ ትሰማለች። በሐሳቡ አሰላው፤ ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ እንግዳው ለሻይ ሲወጣ ወዲያው መልሶ ያስነሳታል፣ እስከዚያ ምናልባት ስልክም አይመጣላት ይሆናል። "ዝጋት" አለው። እንግዳው ዘጋት። ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆነ። እንግዳው እጁን ዘርግቶ ጨበጠው፤ "እንኳን ደስ አለን!" አለው። ላይ ሲደውሉላቸው ኃላፊዋ ራሷ አነሳችና፣ "ጨረሳችሁ? እኛ እኮ ገና የምትጀምሩ መስሎን ነበር!" ስትል ከኋላዋ ጭብጨባ ተሰማ።

እንግዳው ግን ለሻይ አልወጣም። "ሻይ ሆዴን ያቃጥለኛል" ብሎ ከቦርሳው በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ በእንቁላል አወጣና እዚያው ስክሪኑ ፊት መብላት ጀመረ፤ አዲሱ ክፍል እስኪረጋ ድረስ ዓይኑን እንደማይነቅል አስታወቀ። የልጆቹን ፎቶ ከስልኩ ላይ አሳየው። የቤት ኪራይ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀው፤ በእነሱ በኩል የባሰ መሆኑን ነገረው። እሱ ፎቶውን ያያል፣ "ይደጉ" ይላል፣ ዓይኑ ግን ስክሪኑ ላይ ባለው የሦስተኛው ወንበር የጥሪ ምልክት ላይ ነው። ምልክቱ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ በራ። እትዬ ስልክ አንስታለች። "ምነው፣ አሞሃል እንዴ?" አለው እንግዳው። "ደህና ነኝ" አለ። ጥሪው ተዘጋ። እፎይ አለ። እንግዳው ሁለተኛውን ዳቦ ፈታ።

ወሬውን ይዛ የወረደችው ከእትዬ አጠገብ የምትቀመጠው ቀጭን ልጅ ናት። በር ላይ ቆማ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ "ምድር ቤት፣ ኃላፊዋ ትጠራሃለች። እትዬ… እትዬ አምቡላንሱን ሌላ ቦታ ልካዋለች" አለችው። ወደ ላይ ሮጠ። እንግዳውም ጥፋቱ የማሽኑ ነው እንዳይባል ተከትሎት ወጣ።

ቢሮው ውስጥ ኃላፊዋ ቆማለች፤ እትዬ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ኃላፊዋ ምንም ሳትል የተቀዳውን ጥሪ ከፈተች። የወንድ ድምፅ ነው፤ ይጣደፋል፣ ግን ጥርት ያለ ነው። የደዋዩ ሚስት ልብስ እየሰፋች ድንገት አፏ ተጣመመ፣ ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። ሰፈሩን ተናገረ። "ብሎክ ስልሳ" አለ። የእትዬ ድምፅ፣ ያ የሚያረጋጋ ድምፅ፣ "አይዞህ፣ እዚሁ ነኝ። ብሎክ ሠላሳ፣ አይደል?" አለ። ሰውዬው "ስልሳ! ስልሳ!" አለ። እትዬ "እሺ፣ ሠላሳ፣ መጡልህ" አለችው። ብሎክ ሠላሳና ብሎክ ስልሳ የዚያ ትልቅ ሰፈር ሁለት ጫፎች ናቸው፤ በመሃላቸው የገበያ ትርምስ አለ። የአምቡላንሱ ሰዎች ብሎክ ሠላሳን በር በበር ሲያንኳኩ፣ ሰውዬው መልሶ እስኪደውልና ቀጭኗ ልጅ እስክታነሳለት ድረስ ጊዜው ነጎደ። ሴትየዋ አሁን ሐኪም ቤት ደርሳለች። በሕይወት አለች። ሌላ የሚታወቅ ነገር የለም።

ቀረጻው ሲያልቅ እትዬ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ከኃላፊዋ ድምፅ ማጉያ ሲወጣ ቃሉ ለእሷም ተሰማት፤ ስልሳ። "እኔ እንደዚህ አልሰማሁትም" አለች ቀስ ብላ። "ድምፁ ድንገት ራቀብኝ። ሰውዬው ወደ ሌላ ክፍል የገባ መሰለኝ። ዛሬ ከረፋድ ጀምሮ… መስመሩ የደከመ መሰለኝ።"

ኃላፊዋ ወደ እሱ ዞረች። "በዚያን ሰዓት ማሽኑ ላይ የሆነ ነገር አለ?"

"አንድም ጥሪ አልተቋረጠም" አለ እንግዳው ፈጥኖ። "ቀረጻውን ሰምታችሁታል፤ ምንም እንከን የለበትም።"

"አንተን ነው የጠየቅኩት፣ ምድር ቤት።"

ሦስቱም ያዩታል። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረ። የወጣው ግን ሌላ ነው፤ "መስመሩ አልተነካም" አለ። ይህ ደግሞ ውሸት አይደለም፤ መስመሩን ማንም አልነካውም። እንዲህ ያለ ውሸት ያልሆነ ነገር ሰውን ምን ያህል እንደሚያዋርድ ያን ጊዜ ነው የገባው። እትዬ ቀና ብላ አየችው። በዓይኗ ውስጥ ቅሬታ ቢኖር በወደደ፤ ያየው ግን እምነት ነበር። "እንግዲህ እሱ የለም ካለ የለም" አለች ለኃላፊዋ። "ማሽኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ሰበብ መፈለጌን ይቅር በይኝ።" የደረቷን መታወቂያ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ማንም አውልቂ አላላትም ነበር።

ወደ ምድር ቤት ሲመለስ እንግዳው ዕቃውን ሰበሰበ፣ "እናንተ ቤት ጎበዝ ሰው አለ ብዬ እነግራለሁ" ብሎ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሄደ። ብቻውን ቀረ። ማሽኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሠራል። ስክሪኑ ላይ የቀሩት ወንበሮች ይበራሉ፣ ይጠፋሉ፤ ሦስተኛው ጨለማ ነው። ምሳውን አልበላም። አንዴ ተነስቶ እስከ ደረጃው ሄደና ተመለሰ። ለራሱ ሰበብ ደረደረ፤ ለእሷ ብዬ ነው፣ አምና ባልረዳት ኖሮ ይህ አምና ይደርስ ነበር፣ ጉዳዩ በማስጠንቀቂያ ያልፋል። ሰበቡ ሁሉ ልክ ይመስላል፤ ግን አንዱም የእህቱን "ይቅር በይኝ" ሊያጠፋለት አልቻለም። ከሰዓት በኋላ ቀጭኗ ልጅ ደውላ፣ ሴትየዋ አፏ እንደተመለሰ፣ ቀኝ እጇ ግን እንዳልተንቀሳቀሰ ሐኪሞቹ መናገራቸውን አወራችው። መዘግየቱ ያመጣው ይሁን አይሁን ማንም ማወቅ አይችልም አሉ። ስልኩን ዘጋና እንደገና ደረጃው ጋ ሄደ። በዚህኛው ጊዜ አልተመለሰም።

ኃላፊዋ እስኪጨርስ ድረስ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ መነጽሯን አወለቀችና ዓይኖቿን አሸች።

"ጆሮዋ መድከሙን ብትነግረኝ ምን አደርጋት ነበር ብለህ አሰብክ?"

"ከወንበሩ ያስነሷታል ብዬ።"

"አዎ፤ አስነሳት ነበር። አዳዲሶቹን እንድታስተምር አደርጋት ነበር። እዚህ ቤት እንደ እሷ ሰው ማረጋጋት የሚያውቅ ማን አለ?" መነጽሯን መልሳ አደረገች። "ቅድም ጠየቅኩህ እኮ። እሷ ባለችበት ጠየቅኩህ። አንተ ደግሞ እሷው ፊት ዋሸህ።"

"አዎ።"

"ነገ ጉዳይህን የሚያይ ኮሚቴ ይሰየማል፤ ማሽኑ ያለበት ክፍል ድርሽ እንዳትል። እሷ ጥፋተኛ እንዳልሆነች እኔ በጽሑፍ አደርሳታለሁ። ምን እንዳደረግክ ግን የምትነግራት አንተ ነህ። እኔ አፌን አላውስህም።"

አመሻሹ ላይ በአውቶቡስ አብረው ተመለሱ። ሰው ተጨናንቋል። እትዬ ቢሮ የነበራትን ነጠላ ጫማና ኩባያዋን በፌስታል ይዛ ቆማለች፤ አንድ ሰው ቦታ ቢለቅላትም አልተቀመጠችም። ሊነግራት አሰበ። ግን በዚያ ጫጫታ መሃል ሊሰማት የሚችለው ቢጮኽ ነው፤ በሕዝብ ፊት ደግሞ እንዴት ይጮኻል? አንዴ ብቻ ወደ እሱ ጎንበስ አለችና፣ "ልብስ ሰፊ ናት አሉ" አለችው። አንገቱን ነቀነቀ። "በቀኝ እጅ ነው የሚሰፋው አይደል?" አለች። መልሶ አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ እስከ ቤት አልተነጋገሩም።

ሚስቱ ገና ከሥራ አልገባችም። ቤቱ እንደወትሮው ነው። እትዬ ፌስታሉን በር ሥር አኑራ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። እሱ ፊት ለፊቷ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ወለል ወለሉን እያየ ጀመረ።

"ምን?" አለች።

ደገመው።

"አንተ ልጅ፣ አታጉተምትም። ምን ሆነሃል?"

ቀና አለ። እያያት፣ ቃል በቃል፣ "ጆሮሽ ደክሟል፣ እትዬ። ከአምና ጀምሮ አውቃለሁ። ያንቺን ማዳመጫ ብቻ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ነገር ማሽኑ ላይ ጭኜ ነበር። ዛሬ ተዘጋ። እንዲዘጋ ያልኩት እኔ ነኝ" አላት።

እትዬ ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ወይም እንደ ልጅነቱ ጆሮውን ትቆነጥጠዋለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን አንድ ነገር ለማስታወስ እንደምትሞክር ሰው ግንባሯን ቋጥራ ነበር።

"ከአምና መቼ?"

"ከበጋው።"

"ከበጋው" ብላ ደገመችው። "እኔ እኮ በበጋው ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ለእናንተ አልተናገርኩም፤ እንዳትጨነቁ ብዬ። ከከፍተኛ ድምፅ ራቂ፣ ቶሎ ተመልሰሽ ነይ፣ ያለውን እናተርፈዋለን ነበር ያለኝ። ቀጠሮ ሰጠኝ። ከዚያ ሥራ ቦታ በደንብ መስማት ጀመርኩ። ቁልጭ አድርጌ። ጊዜያዊ ነገር ነው፣ ለቀቀኝ ብዬ… ቀጠሮውን ተውኩት። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። የዚያን ቀን ኬክ ገዝቼ ገባሁ፤ ምን ተገኘ አላችሁኝ፣ ዝም ብዬ ነው አልኳችሁ።"

ኬኩን ያስታውሳል። በልቶታል። በርጩማው ላይ ተሸማቀቀ፤ የሚገባበት ቀዳዳ ቢያገኝ በወደደ። አንድ ዓመት ሙሉ፣ አሰማኋት እያለ ሲኮራ፣ የቀረውን ጆሮዋን በራሱ እጅ ሲደበድብ ኖሯል። ሴትየዋ እጇን ያጣችው ዛሬ ነው፤ የእትዬ ግን በየወሩ፣ ጥቂት በጥቂት፣ እሷ ሳታውቀው ነው። "እትዬ፣ ለአንቺ ብዬ…" ብሎ ጀመረና የቀረውን ለራሱ ብቻ አጉተመተመው።

"አልሰማሁህም" አለች እትዬ። ቁጣ አልነበረባትም፤ እንደ እውነት ነው የተናገረችው። ካፖርቷን አወለቀች፣ ፀጉሯን ከጆሮዋ ላይ ወደ ኋላ መለሰች፣ እጇን ከጆሮዋ ኋላ አድርጋ ወደ እሱ ተጠጋች፤ ጉልበታቸው ተነካካ። "ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ። መጀመሪያ ስትጭነው ምን እንደሰማህ፣ ስንት ጊዜ እንደጨመርክ፣ ዛሬ ለሰውዬው ዝጋው ስትለው ምን እንዳሰብክ። አንድም እንዳታስቀር። ጮክ ብለህ።"

"ጎረቤት ይሰማል፣ እትዬ።"

"ይስማ።"

ግድግዳው ስስ ነው። ማዶ የነበረው የጎረቤቶች ወሬና የሳህን ኳኳታ ቀስ በቀስ ጸጥ ሲል ተሰማው፤ ለእሱ ብቻ ነው የተሰማው። ጉሮሮውን ጠራረገና፣ በዕድሜው ሙሉ እህቱ ላይ አንስቶት በማያውቀው ድምፅ፣ መናገር ጀመረ።